የአፍንጫ ድርቀትና ሳይነስ፦ በደጋው አገር ምን እናድርግ?



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ ጤና ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀውን ሕመም ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን በብዙ ቤት ውስጥ እያለ ሰው አፉን ሞልቶ የማይናገረውን ነው። ይኸውም የአፍንጫ ድርቀትና በተለምዶ «ሳይነስ» እያልን የምንጠራው የቆየ የአፍንጫ ሕመም ነው። «ይህ ደግሞ ምን ሕመም ነው ተብሎ ይጻፍበታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያው እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠችን አንዲት ልጅ ናትና ከእርሷ እንጀምር።

«ምንም አይሸተኝም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ ከተማ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች በምናስቀራበት አንድ መድረሳ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል የሆናት ልጅ ነበረች። ጁዝእ ዐምማን በቃሏ ይዛ ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። ከወንዶቹም ከሴቶቹም የሚስተካከላት አልነበረም። በኅዳር ወር ገደማ ግን ልጆቹ ከአጠገቧ መሸሽ ጀመሩ። አንዷ ቀስ ብላ መጥታ «ኡስታዝ፣ እርሷ ዘንድ አልቀመጥም፤ ይሸታል» አለችን። እኛም ቀርበን ስናይ እውነት ነው፤ ከልጅቱ ፊት ከባድ ሽታ ይመጣል።

ምን አደረግን? እውነቱን እንናገርና «ነፋስ ታገኛለች» ብለን በሩ አጠገብ ለብቻዋ አስቀመጥናት። ትምህርቷን ስትሰጥም ፊታችንን ወደ ጎን መለስ እያደረግን መስማት ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ቀረች።

በዚያው ሰሞን ትንንሾቹን ሱረቱ ዐበሳን እናስቀራ ነበር። ይህች ሱራ የወረደችበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዐይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ለመማር ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጣ ጊዜ፣ እርሳቸው ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ተይዘው ነበርና ፊታቸውን አዞሩበት፤ አላህም (ሱ.ወ.) በዚህ ወቀሳቸው። ይህን ታሪክ ለልጆች እያስረዳን ሳለ ዐይናችን በሩ አጠገብ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ። ያን ቀን ትምህርቱን አሳጥረን ወደ ልጅቱ ቤት ሄድን።

እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ቆየት ብለው «ኡስታዝ፣ ጥርሷን ትፍቃለች፣ ገላዋንም ትታጠባለች፤ ሽታው ግን አይለቃትም። ዐይን ነው ይሉኛል። ጓደኞቿ ሲሸሿት እያየሁ ከቤት አስቀረኋት። እርሷ ራሷ ደግሞ ‹እማ፣ እኔን ምንም አይሸተኝም› ትለኛለች» አሉን።

«እትዬ፣ ሐኪም አይቷታል ወይ?» ብለን ጠየቅን። አላያትም። አፍንጫዋ እንደሚደርቅ፣ ጧት ጧት አረንጓዴ ቅርፊት እየሆነ እንደሚወጣና አንዳንዴም እንደሚነስራት ግን ሁሉም ያውቃል። «የደጋ ብርድ ነው» ብለው ትተውት ነበር።

ልጅቱ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከች። በመጨረሻ በባሕር ዳር የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ውስጥ በብርሃን ካየ በኋላ የነገራቸው ነገር ዐይን አልነበረም። የአፍንጫዋ የውስጥ ቆዳ ሳስቶና ደርቆ፣ ቀዳዳው ከልክ በላይ ሰፍቶ፣ ንፍጡ እየደረቀ ቅርፊት ሆኗል። በቅርፊቱ ውስጥም ባክቴሪያ ተራብቶ ሽታውን ያመጣል። ሐኪሞች ይህን ሕመም «ኦዚና» ይሉታል። ክፋቱም የማሽተትን ስሜት ማጥፋቱ ነው። በሽተኛው አይሸተውም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ግን ይሸተዋል። ስለዚህ ሰው ለምን እንደሚሸሸው ሳያውቅ ብቻውን ይቀራል። ልጅቱ «ምንም አይሸተኝም» ስትል እውነቷን ነበር።

አፍንጫ የሚሠራው ሥራ

ሕመሙን ለመረዳት አስቀድሞ የአፍንጫን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ይተነፍሳል። ይህ አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት መሞቅ፣ መርጠብና መጣራት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው አፍንጫ ነው። የአፍንጫ የውስጥ ቆዳ በስስ ንፍጥ የተሸፈነ ነው። አቧራና ተሕዋስያን በዚያ ንፍጥ ላይ ይጣበቃሉ። በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ፀጉሮችም ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ጤነኛ ሰው በቀን አንድ ሊትር ያህል ንፍጥ እንደሚያመነጭ ሐኪሞች ይናገራሉ። ሱብሓነላህ!

በፊታችን አጥንት ውስጥ ደግሞ በአየር የተሞሉ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዐይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። ሳይነስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ «ሳይነስ አለብኝ» ስንል በትክክሉ መናገር የፈለግነው «ሳይነሴ ተቆጥቷል» ነው እንጂ ሳይነስማ ለሁሉም ሰው አለው። እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ወደ አፍንጫ የሚወጣበት ጠባብ መውጫ አለው። መውጫው በጉንፋን፣ በአለርጂ፣ በአቧራ ወይም በአፍንጫ ውስጥ በሚበቅል ሥጋ ሲዘጋ ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ግንባርና ጉንጭ ይከብዳል፣ ሲያጎነብሱ ያማል፣ ወፍራም ንፍጥ በጉሮሮ ይወርዳል፣ ሽታ መለየትም ይቀንሳል።

ይህ ከጉንፋን ጋር መጥቶ በዐሥር ቀን ውስጥ የሚሻል ከሆነ በአብዛኛው በቫይረስ የመጣ ነውና በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ከ12 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን የሰነበተ ሕመም ተብሎ በሐኪም መታየት ያስፈልገዋል።

ደጋው ለምን ያደርቀናል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት አይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት የምንተነፍሰው ብርዳም አየር አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል፤ ሲሞቅም የጎደለውን እርጥበት ከአፍንጫችን ይወስዳል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት የበጋ ወራት ስለዚህ ለአፍንጫ ከባድ ናቸው።

በዚህ ላይ የኑሯችን ነገር ይጨመራል። በደጀን፣ በሉማሜና በቢቸና ዙሪያ ጤፍ በሚወቃበት ጊዜ አውድማው በብናኝ ይሞላል። ሸማኔዎቻችንና ፈታዮቻችን የጥጥ ብናኝ ሲስቡ ይውላሉ። በወፍጮ ቤት የሚሠራው ዱቄት፣ ነጋዴውም የመንገድ አቧራ ይተነፍሳል። ከሁሉም የባሰው የእናቶቻችን ነገር ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ በኩበትና በእርጥብ እንጨት እንጀራ ሲጋግሩ ጭሱ ዐይናቸውንም አፍንጫቸውንም ሳንባቸውንም ያቃጥላል። በጀርባቸው ያዘሉት ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይስባል። ቡና ሲፈላ የምናጨሰው ዕጣንና ሰንደል ሽታው ደስ ቢልም ለተቆጣ አፍንጫ ያው ጭስ ነው። ሱረት የሚስቡትንማ ምን እንላለን? በገዛ እጅ የአፍንጫን ቆዳ ማቃጠል ነው።

ኢስቲንሻቅና ሕክምና

እስላም ስለ አፍንጫ ንጽሕና ያስተማረው ብዙ ነው። በውዱእ ጊዜ ውኃ ወደ አፍንጫ መሳብና ማውጣት (ኢስቲንሻቅና ኢስቲንሣር) ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱንና ነው። ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው አፍንጫውን ሦስት ጊዜ እንዲያጸዳ አዘዋል። ለለቂጥ ኢብኑ ሰቢራም ጾመኛ ካልሆነ በስተቀር ውኃውን በደንብ እንዲስብ ነግረውታል፤ ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ሲያስነጥስ ፊትን በእጅ ወይም በልብስ መሸፈንም ከሱንናቸው ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንለይ። ኢስቲንሻቅ ዒባዳ ነው። የምንሠራውም አላህን ለመታዘዝ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም። ጥቅም ቢኖረውም አልሐምዱሊላህ፤ ነገር ግን «አምስት ወቅት ውዱእ የሚያደርግ ሰው የአፍንጫ ሕመም አይዘውም» ብሎ መናገር ልክ አይደለም። ያቺ ልጅ ውዱእ አጓድላ አታውቅም ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት ማውረዱንና መታከም የታዘዘ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የቀድሞ ሙስሊም ሐኪሞችም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ925 ገደማ ያረፈው ታላቁ ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ፣ ዓሊሙ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ወራት ጽጌረዳ ሲያሸት አፍንጫው የሚፈስበት ለምን እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ ጽፏል። ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው! ዛሬ አለርጂ የምንለውን ሕመም እርሱ መርምሮ ምክንያቱን ፈለገ እንጂ «ዐይን ነው» ብሎ አልተወውም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ የጨው ውኃ እጥበት

ለድርቀትም ለሰነበተ ሳይነስም ከሁሉ በፊት የሚመከረው ርካሽና ቀላል ነገር አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ከ800 በላይ በሽተኞችን ያካተተ ጥናት በጨው ውኃ መታጠብ ሕመሙን እንደሚያቀል አሳይቷል። በእንፋሎት መታጠን ግን ከራስ ምታት በስተቀር ሳይነሱን ይህን ያህል እንዳልረዳ ተገልጿል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይፈላል። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ዳርቻ አገር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን በእኛ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መፍላት አለበት። ከዚያም ተከድኖ ለብ እስኪል ይቆያል።

ሁለተኛ፣ በዚህ ውኃ ላይ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል፤ ማንኪያው የተከመረ ሳይሆን ልሙጥ ይሁን። ካለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ ቅርፊትም ያለሰልሳል። ጨው የሌለው ውኃ አፍንጫን ያማል፤ ጨው የበዛበትም ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይገዛል። በሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አፍን ከፍቶ በአፍ እየተነፈሱ ውኃውን በአንዱ ቀዳዳ ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ሲሪንጁ ወደ ዐይን ሽቅብ ሳይሆን ወደ ማጅራት አቅጣጫ ይሁን። ውኃው በሌላው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይወጣል። ከዚያ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ይዞ በቀስታ መናፈጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ በኃይል መናፈጥ ፈሳሹን ወደ ጆሮና ወደ ሳይነስ ይገፋዋል።

ይህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ሲሪንጁ በየጊዜው በፈላ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ውኃም ይደፋ። አንዱ ሲሪንጅ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

«የቧንቧ ውኃ ንጹሕ ነው፤ ለምን ይፈላል?» ትሉ ይሆናል። በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚኖር በአፍንጫ በኩል ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ደቃቅ ተሕዋስ አለ። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በዚህ ተሕዋስ የታመሙ 13 ሰዎች ተመዝግበዋል። በሽታው የያዛቸው ለውዱእ በተጠቀሙበት የቧንቧ ውኃ ሳይሆን እንዳልቀረ ሐኪሞች ጽፈዋል። በአሜሪካ ሉዊዚያናም በ2011 ባልፈላ የቧንቧ ውኃ አፍንጫቸውን ያጥቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነውና ማንም ውዱእ እንዳይፈራ። ነገር ግን ውኃን ወደ ውስጥ ገፍቶ ማጠብ ከውዱእ የተለየ ነውና ውኃው የፈላ ይሁን። በገጠር ደግሞ በኩሬና በምንጭ ውኃ አልቅት ወደ አፍንጫ ሊገባ ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ ደም የሚፈሰው ልጅ ካለ ይህንንም ማሰብ ይገባል።

ልናደርጋቸው የሚገቡና የማይገቡ

አፍንጫው ለሚደርቅበት ሰው ከአፍንጫው መግቢያ ላይ ብቻ እጅግ ጥቂት ቫዝሊን በጣት መቀባት ይረዳል። ወደ ውስጥ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ማንጠብጠብ ግን አደገኛ ነው፤ በተለይ በሕፃናት ቅባቱ ወደ ሳንባ ወርዶ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። እናቶች ሆይ፣ ሕፃን አፍንጫው ሲዘጋ ቅቤ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጠብታ የጨው ውኃ ይበቃዋል።

ቅርፊትን በክብሪት እንጨት ወይም በጥፍር መፈንቀል ያቆስላል። በውኃው አለስልሶ ማስወጣት ይሻላል። ነስር ሲመጣ ራስን ወደ ኋላ ማጋደል ልማዳችን ነው፤ ትክክሉ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨብጦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው።

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ስንት ልጅ በዚህ የፈላ ድስት ላይ ተደፍቶ ተቃጥሏል! ዳማከሴና ጤና አዳም እያሹ ማሽተት የአገራችን ልማድ ነው፤ ጭማቂውን በተቆጣ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን ያቃጥላል። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወሳ ነው፤ ቢሆንም ፈጭቶ ወይም ዘይቱን አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብ ያለ ሐኪም ምክር የሚደረግ ነገር አይደለም። የጉሮሮ ችግር ነው ብሎ የልጅን እንጥል ማስቆረጥማ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ጎጂ ልማድ ነው።

ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውና የተዘጋ አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍተው ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫው ራሱን ችሎ መከፈት ያቅተዋል። ሰውየው ጠብታው ባለቀ ቁጥር የባሰ ይዘጋበታል። ብዙ ወጣቶች ሳያውቁት በዚህ ተይዘዋል። ሐኪም የሚያዘው በአፍንጫ የሚነፋ የስቴሮይድ መድኃኒት ግን ሌላ ነውና ሁለቱን አናምታታ፤ እርሱ ለሳምንታት ይወሰዳል፤ ውጤቱም ቀስ ብሎ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥም ትርፉ መድኃኒቱን ማላመድ ነው።

ማድ ቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ ቢበጅለት፣ ወይም ጭስ የሚቀንሰው ምርጥ ምጣድ ቢገዛ ለእናት ከልብስ የበለጠ ስጦታ ነው። በአውድማና በወፍጮ ቤት አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በጨርቅ መሸፈን ይገባል። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ዘግቶ መተኛት አፍንጫን ማድረቁ ቀርቶ ነፍስም ያጠፋል።

ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ?

ሕመሙ ከ12 ሳምንት ካለፈ፣ ሽታና ቅርፊት ካለው፣ ማሽተት ከጠፋ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ደም ወይም መግል ከፈሰሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። በትንሽ ልጅ አንደኛው ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ከሆነ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ዶቃ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። የላይኛው መንጋጋ የተበላ ጥርስም የጉንጭን ሳይነስ ያመረቅዛል። ዐይን ካበጠ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ከባድ ራስ ምታትና የማጅራት መገተር ካለ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የአፍንጫ ቅርፊትና መሳሳት አንዳንዴ ከሳንባ ነቀርሳና ከሥጋ ደዌም ጋር ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ይህንንም ይመረምራል።

በረመዷን ጊዜስ?

በእነዚህ ዓመታት ረመዷን የሚውለው በደረቁ የበጋ ወራት ነውና ጥያቄው ይበዛል። በጾም ሰዓት ኢስቲንሻቅን አብዝቶ መሳብ መከልከሉን ከላይ አይተናል። ስለዚህ በሲሪንጅ መታጠብ ከመግሪብ በኋላና በሱሑር ጊዜ ቢደረግ ይበቃል። የአፍንጫ ጠብታን በተመለከተ፣ ጉሮሮ ከደረሰ ጾም ያፈርሳል የሚሉ ብዙ ዑለማዎች አሉ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ጉባኤ፣ ወደ ጉሮሮ የወረደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ የአፍንጫ ጠብታና የሚነፋ መድኃኒት ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ጠብታው ወደ ማታ ሊዘዋወር የሚችል ከሆነ ማዘዋወሩ ከጥርጣሬ ያወጣል። የማይቻል ከሆነ በአካባቢያችሁ ያሉትን ዓሊም ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ስለ ልጅቱ

ለልጅቱ የታዘዘላት በመጀመሪያ ይኸው የጨው ውኃ እጥበት ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ። በላዩ ላይ ቅርፊቱ እንዳይመለስ በግሊሰሪን ውስጥ የተበጠበጠ የግሉኮስ ጠብታና ለጥቂት ሳምንታት የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣት። ይህ ካልበቃ ቀዳዳውን የማጥበብ ቀዶ ሕክምናም እንዳለ ነገሯቸው፤ እስካሁን ግን አላስፈለጋትም። ሕመሙ «ዳነ፣ አለቀ» የሚባል ዓይነት አይደለም። እጥበቱን ስታቋርጥ ቅርፊቱ ይመለሳል፤ ሳታቋርጥ ስትቀር ሽታው የለም። እናቷ ጧት የሚያፈሉትን ውኃ ከቡናው ጀበና አስቀድመው ይጥዳሉ።

ከመመለሷ በፊት ለልጆቹ ሕመሙን አስረዳናቸው፤ በእርሷ ላይ የሠራነውም ስህተት መሆኑን በፊታቸው ተናገርን። አንድ ወንድም በኋላ ላይ «ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጊድ እንዳይቀርብ በሐዲስ ታዟል፤ እናንተስ ምን አጠፋችሁ?» አለን። ሐዲሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው እስኪለቀው ጥቂት ሰዓት ቢታገስ ይበቃዋል። ይህች ልጅ በበሩ ዳር እያስቀመጥናት መቼ ልትድን ኖሯል? ሰውን ከሽታ መጠበቅ የምንችለው በሽተኛውን በማባረር ሳይሆን በማሳከም ነው። ጥፋታችን ሽታውን መጥላታችን አልነበረም፤ ከጠላን በኋላ ለሦስት ሳምንታት ምክንያቱን አለመጠየቃችን ነበር።

ውድ አስተማሪዎች፣ ከክፍላችሁ ልጆች የሚሸሹት ልጅ ካለ ቦታውን ከመቀየራችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁ። ውድ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ «ምንም አይሸተኝም» ካላችሁ እንደ ዋዛ አትለፉት። ወጣቶች ሆይ፣ ጓደኛችሁን በሰው ፊት አታሳፍሩት፤ ለብቻው አድርጋችሁ በቀስታ ንገሩት፣ ጤና ጣቢያም አብራችሁት ሂዱ።

ልጅቱ በአሁኑ ጊዜ ጁዝእ ዐምማን ጨርሳ ጁዝእ ተባረክን ይዛለች። የምትቀመጠውም ከፊት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለእርሷም ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ሺፋ ይስጥልን፤ ለእኛም ያለፈውን ይቅር ይበለን። አሚን።